የባሕሩ ወሬና የሰንጋው መውጫ

እኔ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ልጆቼ እዚህም እዚያም ስለተበተኑ፣ ክረምቱን ደጎሎ ወንዱ ልጄ ዘንድ እከርማለሁ፤ መኸር ሲደርስ ወረኢሉ ትልቋ ዘንድ እሄዳለሁ፤ በጋውን ደግሞ መካነ ሰላም ትንሿ ልጄ ቤት እጨርሳለሁ። "እማማ፣ መቼ ነው አርፈው የሚቀመጡት?" የሚለኝ ሰው ሞልቷል። "ለማረፉማ መቼ ይቀራል፣ አፈሩ እየጠበቀኝ አይደል?" እላለሁ።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ የሚኒባስ ትምህርት የሚባል ነገር ካለ ግን እኔ ጨርሻለሁ። ድሮ መኪና ውስጥ የሚወራው ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብስ ዋጋ፣ ማን ማንን እንደፈታ ነበር። አንድ ዓመት ከወረኢሉ ተነስቼ ወደ መካነ ሰላም ስመጣ ግን መኪናው ሙሉ የሚያወራው ስለ ባሕር በር ነው።

"በሰው በር እየገባን በሰው በር እየወጣን እስከ መቼ?" ይላል አንዱ።

"ታዲያ የሰው በር ገንጥለህ ልትወስድ ነው?" ይላል ሌላው።

"ማን ይገነጥላል አለ? በስምምነት! በኪራይ! ሰጥቶ በመቀበል!"

"ባለቤቱ አላከራይም ቢልስ?"

"እንዴት አላከራይም ይላል? ጎረቤት አይደለም እንዴ!"

ይሄን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር መውረጃዋ ደርሶ፣ በሩ ላይ የተጋደመውን ጆንያ አንሱልኝ አለች። የጆንያው ባለቤት ያ "ጎረቤት አይደለም እንዴ" ያለው ሰውዬ ነው። "ቆይ እንጂ እቴ፣ የአገር ጉዳይ እየተነጋገርን እኮ ነው" አላት። መውረጃዋን አልፋ ሄዳ፣ ያንን ዳገት በእግሯ ስትመለስ በመስኮት አየኋት። ባሕሩም አልተገኘ።

ልጄ ቤት ስደርስ ባሕሩ ቀድሞኝ ገብቶ ጠበቀኝ።

የልጄ ባል የወረዳ ቢሮ ሠራተኛ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ የምለውን ሰምታችሁ እንዳታዝኑበት። እኔ ስገባ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ዱአ ያድርጉልኝ ብሎ ጉልበቴን ይስማል። ዜና ሲመጣ ብቻ ሌላ ሰው ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ቆሞ፣ እጁን እያወናጨፈ ቴሌቪዥኑን ይመክረዋል።

"መውጫ የሌለው አገር እስረኛ ነው!" ይላል። "ሸቀጥ ይዘህ፣ ጉልበት ይዘህ፣ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ይዘህ ጎረቤትህ በሩን ቢዘጋብህ ምን ታደርጋለህ? መተላለፊያ መብት ነው! ችሮታ አይደለም!"

የሚሟገተው ከሼሁ ጋር ነው። ሼሁ የጓሮ ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ሲያስቀሩ ኖረው፣ አሁን ጉሮሯቸው ሲደክም የተዉ ሽማግሌ ናቸው። ቴሌቪዥን ስለሌላቸው ከመግሪብ ሰላት በኋላ ወደኛ ይመጣሉ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይቀመጡና የልጄ ባል ጮኾ እስኪጨርስ ዝም ይላሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

"ስማ ልጄ፣ የሰው መሬት የሰው ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ደረቅም ይሁን ለም፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ አበቃ። ሉዓላዊነት ይሉታል ይሄን።"

ቃሏን ያገኟት ከራዲዮ ነው፤ ከያዟት ወዲህ ግን እንደ ሙስበሃ መቁጠሪያ ከእጃቸው አትለይም።

"ሼሁ፣ እርስዎ አገርዎን አይወዱም ማለት ነው?"

"እወዳለሁ። ጎረቤቴም አገሩን የሚወድ ይመስለኛል።"

"የሚወድ ከሆነ ያከራየን!"

"የሚወድ ከሆነ ነው እንጂ የማያከራየው!"

እንዲህ ተሟግተው፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ሼሁ ተነስተው በጓሮ በኩል ይወጡና አጥሩ ጋ ሲደርሱ በጎናቸው ይዞራሉ፤ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ ጋቢያቸው ሚስማር እንዳይዘው ከፍ አድርገው፣ በአንዲት ክፍተት ሾልከው ቤታቸው ይገባሉ።

የዚያች ክፍተት ነገር እንዲህ ነው። የሼሁ ቤት ከልጄ ግቢ ኋላ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከጥንት ጀምሮ መውጫቸው በልጄ ግቢ ጥግ ጥግ ነበር፤ ማንም ከልክሏቸው አያውቅም፣ ማንም ፈቅዶላቸውም አያውቅም፤ ዝም ብሎ መንገድ ነበር። የልጄ ባል ከማዘጋጃ ቤት ካርታ ያወጣ ጊዜ ግን ካርታውን ግራ ቀኝ አገላብጦ ቢያይ መንገድ የሚል አጣ። ካርታው ላይ ከሌለ መሬቱም ላይ የለም አለና በአጣና አጠረው። ክፉ ሰው ስላልሆነ አልደፈነውም፤ ሰው በጎኑ ዞሮ የሚያልፍባትን ያህል ተወ። "ሰው ይለፍ፣ ጎረቤት ነን። እንደ መንገድ ግን አይቆጠር" አለ።

ስለዚህ የልጄ ባል መውጫ መብት ነው እያለ የሼሁን መውጫ አጥሯል። ሼሁም ባለቤቱ ካልፈቀደ አበቃ እያሉ ማታ ማታ በሰው ግቢ ይሾልካሉ። ሁለቱም ይህን አያዩትም። ባሕሩ ሩቅ ስለሆነ ይመስለኛል። ሩቅ ያለ ነገር ለክርክር ይመቻል።

የሼሁ ባለቤት ጓደኛዬ ናት። መካነ ሰላም የምመጣው ልጄን ለማየት ነው ብል እዋሻለሁ፤ ግማሹ ለሷ ነው። ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ቆይቷል። መጀመሪያ ሩቁ ደበዘዘባት፣ ከዚያ ቅርቡ፣ በኋላ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀሩላት። የሚገፈፍ ነገር ነው ብለው ደሴ ያሉ ሐኪሞች ከአረፋ በዓል በኋላ ቀጠሮ ሰጥተዋታል። ለመንገዱም፣ ለሕክምናውም፣ እዚያ ለሚከርሙበትም የነሼሁ ተስፋ አንድ በሬ ነበር።

ሲገዙት ከእርሻ የወጣ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ምስኪን ነበር። በዚያች ክፍተት ሲገባ ዳሌውን ትንሽ ጫር አደረገው እንጂ ገባ። ሼሁም "አልሐምዱሊላህ፣ በገባበት ይወጣል" አሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው መቀለብ ሆነ። ጓደኛዬ በዳሰሳ ትቀልበዋለች። የባቄላ ገለባ በጨው ውሃ አርሳ፣ የቃሪቦ አተላ ደርባ፣ አንገቱን እየደባበሰች ታወራዋለች።

"ብላ የኔ ጌታ፣ ብላ። ደሴ የምታደርሰኝ አንተ ነህ" ትለዋለች።

ሰፈሩም የተረፈውን ለሱ ነው። እኔም ከልጄ ቤት የድንች ልጣጭና የጎመን ዘንግ እየያዝኩ በክፍተቷ እሾልካለሁ። በሬው የማን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሆዱ ግን የመንደሩ ነበር።

ከረመዳን ኢድ ማግስት አንድ ደላላ መጣ። በሬውን ዞሮ ዞሮ አየ፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገ፣ ሻኛውን ጨበጠ። "ማሻአላህ፣ ሰንጋ ሆኗል። የደሴ ነጋዴ ለአረፋ መኪና ይዞ ሲመጣ ይሄን ሳይጭን አይሄድም" አለ። ከዚያ አጥሩን አየ። በሬውን አየ። ደግሞ አጥሩን አየ።

"ሼሁ፣ በየት ነው የሚወጣው?"

ሁላችንም ዙሪያውን አየን። በኋላ በኩል ፍየል እንኳ ቢስሚላህ ብላ የምትወርደው ገደል ነው። በግራና በቀኝ ፈፋ ነው። ከሁላችንም ያልተጨነቀ በሬው ብቻ ነበር፤ ያመሰኳል።

በዚያው ማታ ሼሁ እንደ ልማዳቸው መጡ። የልጄ ባል መተላለፊያ መብት ነው እያለ ቴሌቪዥኑን ሲመክር ደረሱ። ጥሩ ሰዓት የመጡ መስሏቸው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። በሬው ወፍሮብኛል፤ አጥሯን ትንሽ ብታሰፋልኝ።"

የልጄ ባል የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። የነገሩን ክብደት ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ዜና ላይ ድምፅ ሲቀንስ አይቼው አላውቅም።

"ሼሁ፣ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው።"

"እንዴት ሌላ ነው?"

"የሰው ማለፍና የከብት ማለፍ አንድ አይደለም። ዛሬ ከብት ካለፈ ነገ ጋሪ ነው፤ ከነገ ወዲያ መንገድ ነው ተብሎ ይመዘገብብኛል። ካርታ እኮ አለኝ!"

ባለቤቱ ካልፈቀደ አበቃ ሲሉ የከረሙት ሼሁም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "አባቶቻችን የሄዱበትን? ጎረቤት ለጎረቤት? የአላህን መሬት?"

"የአላህ ነው፤ ግን በኔ ስም ነው የተመዘገበው።"

ልጄ ከጓዳ ብቅ አለችና በጆሮዬ "እማ፣ ዛሬ ወንበር ተለዋወጡ እንዴ?" አለችኝ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። ወዲያው ግን ጓደኛዬ ትዝ አለችኝና ሳቁ ጠፋብኝ። ይሄን ጊዜ በጨለማ ገለባ ታረጥባለች።

ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ሽማግሌ የሆነው የሰፈራችን አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰፈሩ ሰው ባሕር በዓይኑ ያየ እሱ ብቻ ነው፤ በደርግ ጊዜ አሰብ ይመላለስ ነበር። ደግሞም ክርስቲያን ስለሆነ እኛ ካረድነው አይበላም። "ከበሬው የማይበላ ዳኛ ከየት ይገኛል?" ብለው ሁለቱም በደስታ ተቀበሉት። እኔ አንድ ጊዜ ባሕር ምን እንደሚመስል ጠይቄው ነበር። "ሙቀት ነው እትዬ። ሙቀትና ወረፋ" አለኝ። ሌላ ነገር አልነገረኝም።

ሾፌሩ በሥራው ቀልድ አያውቅም። "መጀመሪያ ጭነቱ ይለካ" አለ። በበሬው ግራና ቀኝ ሆዱን አስታክኮ እንጨት አቁሞ፣ በመሃል ገመድ ዘርግቶ፣ ልኩ ላይ ቋጠሮ ቋጠረ። ቋጠሮዋን ለሁለቱም አሳየ። ሁለቱም እየዳሰሱ አረጋገጡ። "ይህቺ ቋጠሮ ሕግ ናት። እስክትስማሙ ድረስ እኔ ጋ ትቀመጣለች፤ ማንም አይነካትም" ብሎ ገመዱን ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ከተተ። ሁላችንም ተደነቅን። እንዲህ ያለ ዳኝነት አይተን አናውቅም አልን።

ከዚያ ድርድሩ ተጀመረ። ጁምዓ ጁምዓ ከሰላት በኋላ የልጄ ግቢ ወይራ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። እኔ ጥጥ እየፈተልኩ እሰማለሁ።

መጀመሪያ የተነሳው በሬው በልጄ ባል ግቢ ሲያልፍ ገመዱን ማን ይይዛል የሚለው ነው።

"በኔ ግቢ ውስጥ የምስበው እኔ ነኝ። የሰው ሰው መጥቶ በኔ መሬት ላይ ከብት አይነዳም" አለ የልጄ ባል።

"በሬው የኔ! ገመዱ የኔ! አንተ ምን ቤት ነህ?" አሉ ሼሁ።

"ምን ቤት ነህ? ቤቱማ የኔ ነው!"

ሾፌሩ በሬው በሁለት ገመድ ይታሰር፣ አንዱን ሼሁ አንዱን ባለ መሬቱ ይያዝ ብሎ ፈረደ። በዚህች ብቻ ጁምዓው አለቀ።

በሚቀጥለው የጎመኑ ነገር መጣ። በሬው ሲያልፍ ጎመን ቢቀነጥስስ? ካሣው በጎመን ነው ወይስ በሌላ? ቢረግጥና ባይበላስ? የልጄ ባል "ጎመኔ" ባለ ቁጥር ልጄ ከበረንዳው ትሰማለች። በመጨረሻ አልቻለችም።

"የማነው ጎመኑ? የቆፈርኩት እኔ፣ ውሃ የማጠጣው እኔ! ሉዓላዊነቱ ለኔ ነው። ይብላ ብያለሁ፣ ግቡ ወደ ሌላው!"

የልጄ ባል አቀረቀረ። ሼሁ ሊስቁ ፈልገው ጢማቸውን አሹ።

ትልቁ ነገር ግን እበቱ ነበር። በሬው በመተላለፊያው ላይ እያለ እበት ቢጥል የማነው? ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ኩበት ማገዶ ነው፤ የድልብ በሬ እበት ደግሞ እንደ ድልብ ነው።

"በኔ መሬት የወደቀ የኔ ነው። ይሄ የማለፊያ ግብር ነው" አለ የልጄ ባል።

"የበላው እኮ የኔን ገለባ ነው!" አሉ ሼሁ።

"ወደቡም ግብር ይቆርጣል። ሾፌሩ ይመስክር!"

ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አሰበ። "አሰብ ላይ እበት አላጋጠመኝም" አለ። ለሚቀጥለው ጁምዓ ተቀጠረ። በሚቀጥለው ጁምዓ ለቅሶ ሆነ። ከዚያ ሾፌሩ አቀስታ እህቱ ጋ ሄደ። ከዚያ ዝናብ መጣና ወይራው ሥር መቀመጥ አልተቻለም፤ ሼሁ እኛ ሳሎን ይሁን ቢባሉ "በባለጉዳዩ ቤት አልዳኝም" አሉ። የዚያኑ ዕለት ማታ ግን ለዜና እዚያው ሳሎን መጥተው ተቀመጡ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሬው ይቀለባል። ለገበያው እንዳይከሳ ተብሎ እንዲያውም ቀለቡ ተጨመረ። ድርድሩ በረዘመ ቁጥር "ኧረ እንዳይከሳባቸው" እያልን እኛም ልጣጩን አበዛን። ጓደኛዬ ማታ ማታ ጀርባውን እየደባበሰች "አጥንቱ ለእጄ ጠፋብኝ፣ ጤና ነው" ትለኛለች። "ጤናማ ነው" እላለሁ እኔም። ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ይደሰታል። ያቺ ቋጠሮ ሾፌሩ ኪስ ውስጥ ሆና እንደማትወፍር ግን ከመካከላችን ያሰበ አንድም ሰው የለም።

አረፋ ሊደርስ ሲል ስምምነቱ አለቀ። በመተላለፊያው ላይ የወደቀ እበት ለባለ መሬቱ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የወደቀ ለባለ በሬው ተባለ። ዱአ ተደረገ፣ ፋቲሃ ተቀራ፣ ሾፌሩም አማተበ። ገመዱን ከኪሱ አወጣና ከአጥሩ ምሰሶ እስከ ምሰሶ ለካ። የልጄ ባል አጣናዎቹን ነቅሎ፣ አዲሱን ምሰሶ ልክ ቋጠሮዋ ላይ ተከለ፤ አንድ ጣት አላለፈም፣ አንድ ጣት አልጎደለም። በድንጋይ ጠቀጠቀው። ለታማኝነቱ ሼሁ ራሳቸው መረቁት።

በማግስቱ የአረፋ የመጨረሻው ገበያ ነበር። የደሴው ነጋዴ መኪናውን አስፋልቱ ላይ አቁሞ ጥሩምባ ይነፋል። ጓደኛዬ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ በሬውን ልትሸኝ ወጣች። ሼሁ አንዱን ገመድ፣ የልጄ ባል አንዱን ገመድ ያዙ። ሾፌሩ መሃል ቆሞ እንደ ትራፊክ እጁን ዘረጋ። "ሳብ!"

በሬው አንገቱን አስገባ። ትከሻውን አስገባ። ሆዱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ሳብ እንጂ!" አለ ሾፌሩ።

"እየሳብኩ ነው!" አሉ ሼሁ።

"አንተ ግፋ!" አሉት የልጄን ባል።

"ከኋላው ማን ይግፋ? ከኋላው ያለው የነሱ ግዛት ነው!" አለ የልጄ ባል።

በሬው አልወጣም። አልተመለሰምም። ጭንቅላቱና የፊት እግሮቹ በልጄ ግቢ፣ ዳሌውና ጅራቱ በነሼሁ ግቢ ሆኖ ቀረ። እሱስ ምን ቸገረው፤ ፊቱ ጎመኑ ላይ ስለነበር በላ። ሾፌሩ ገመዱን አውጥቶ ቋጠሮዋን አየ፣ ምሰሶዎቹን አየ፣ የበሬውን ሆድ አየ። "ልኩ ትክክል ነው" አለ። "በሬው ነው የተሳሳተው።"

ይሄን ጊዜ በሬው ከኋላ እበቱን ለቀቀ። የወደቀው በነሼሁ በኩል ነው።

"ይሄ ይመዝገብ!" አለ የልጄ ባል። "ጉዞ ላይ ነው የጣለው!"

"በማን መሬት ወደቀ?" አሉ ሼሁ። "በማን መሬት?"

"ጉዞ ተጀምሯል ወይስ አልተጀመረም?"

"ኧረ በአላህ!" አልኩ እኔ፤ የሰማኝ የለም።

ጥሩምባው ተነፋ፣ ተነፋ፤ በመጨረሻ ቆመ። መኪናው ሲሄድ ድምፁ እየራቀ ተሰማን። ጓደኛዬ በኋላ በኩል ቆማ እጇን በሬው ዳሌ ላይ አድርጋለች።

"ሄደ?" አለች።

"ሄደ" አልኳት።

"እንግዲያ ደሴም ቀረ" አለች ቀስ ብላ። አላለቀሰችም። ያንን አዲስ ቀሚሷን ይዛ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሼሁ ገመዳቸውን ለቀቁ። የልጄ ባልም ገመዱ በእጁ እንዳለ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ያንን ገመድ ይዞ መሬት መሬት ሲያይ፣ እውነቴን ነው፣ አሳዘነኝ። ክፉ እንዳልሆነ ነግሬያችኋለሁ።

በሬውን በስንት መከራ ወደ ኋላ መለስነው። ጓደኛዬ ግን ቁጭ ካለችበት ሳትነሳ አንድ ነገር ጠየቀች።

"ሼሁ፣ ልጆቹን ሲያስቀሩ እሰማ ነበር። ለአረፋ እርድ አንድ በሬ ለስንት ሰው ይበቃል?"

"ለሰባት" አሉ ሼሁ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ነው።

"ታዲያ መኪና ምን ያደርግልናል? እዚሁ ተካፍለው የሚገዙት ሰባት ሰው እንፈልግ። በቁሙ ካልወጣ ተከፋፍሎ ይወጣል።"

እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ያ ሁሉ ጁምዓ ሲያልፍ ማንም አላሰበውም፤ እሷም ብትሆን ጭቃው ላይ እስክትቀመጥ ድረስ አላሰበችውም። እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ድረስ ስድስት ቤት ተገኘ። ሰባተኛው ጠፋ። ሌላው ሁሉ በጉን ገዝቶ ጨርሷል። ሰባተኛ ካልተገኘ ደግሞ የሱ ገንዘብ ከደሴው ሕክምና ይጎድላል። የልጄ ባልም ለአረፋ ሙክት ሊገዛ አስቦ ነበር፤ ማታ ራት ላይ እንጀራውን ሳይጎርስ ይቆራርሳል። የሚያስበውን ዓይኑ ላይ አየሁት፤ አፉ ግን ካርታውን ጎርሷል።

ልጄ ሳህኑን እያነሳች "ሙክቱ ይቅር። ሰባተኛው እኛ ነን" አለች። እንደ ጥያቄ አይደለም የተናገረችው።

እሱም እጁን እየታጠበ፣ "ድርሻችን ከየት በኩል ይሆናል?" አለ።

አሁን የሆነውን ወላሂ አልጨመርኩበትም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጓሮ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ የልጄ ባል ዲጅኖ ይዞ አጥሩን ይነቅላል። አንድ ምሰሶ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሙሉውን ነው የሚነቅለው።

"ምን ሆነህ ነው ልጄ?"

"እማማ፣ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ፣ ያ ጭቃ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰንጋ ይታረዳል? ቢንሸራተትስ? ቆዳው ቢበላሽስ? ወደ ሰፊው ግቢ ይውጣ እንጂ!"

ሾፌሩ ድምፁን ሰምቶ ገመዱን ይዞ እየሮጠ መጣ። "ስምምነቱስ? ቋጠሮውስ?"

"የምን ስምምነት?" አለ የልጄ ባል ላቡን እየጠረገ። "የራሴን በሬ በራሴ ግቢ ለማሳለፍ ስምምነት ያስፈልገኛል?"

ከሰባት አንዷን እጅ ሲያገኝ ካርታው ላይ መንገድ በቀለ። በሬው በሁለት ገመድም ሳይታሰር፣ ጎመኑንም ሳይቀምስ፣ እየተጎማለለ ወጣ። እበትም ጣለ፤ ማንም የማነው አላለም። የአረፋ ዕለት ከሰላት በኋላ ታረደ፣ ተከፋፈለ፣ ከእያንዳንዱ ድርሻ ለድሃው ተነሳ። ሾፌሩ ከቤቱ ቁጭ ብሎ ሽታውን ብቻ አገኘ። በኋላ እኔና ልጄ ስኳርና ቡና ይዘን ሄደን አጽናናነው። "ዳኝነት እንዲህ ነው" አለን።

ቀጠሮው ሲደርስ ባጃጁ እስከ ጓደኛዬ ደጃፍ ድረስ ገባ። ሼሁ ቤት ይጠብቁ ተብሎ ከሷ ጋር የሄድኩት እኔ ነኝ፤ መንገድ ከተባለ እኔን ማን ይቀድመኛል። ከአቀስታ ወዲያ መኪናው ሙሉ ያው ባሕር ይወራል። ጓደኛዬ እጄን ይዛ "ይሄም መኪና በሬ አለው?" አለችኝ።

ሐኪሞቹ እጃቸው ይባረክ፣ ሞራው ተገፈፈ። ፋሻው ሲፈታላት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ብዙ ቆይታ አየችኝ። "አንቺ፣ እንዲህ አርጅተሽ ነው አገር ለአገር ስትዞሪ የከረምሽው?" አለችኝ። ስቀን ስቀን ነርሷ ተቆጣችን፣ ዓይኗን ትጎዱታላችሁ ብላ።

ስንመለስ አመሻሽ ላይ ነበር። የልጄ ግቢ በር ክፍት ነው። ከሳሎን ድምፅ ይሰማል፤ ዜና ደርሷል። የልጄ ባል "ድርሻ ስጣቸው! ድርሻ ያለው ሰው በር አይዘጋም፣ እኔ ከመጀመሪያውም ብያለሁ!" ይላል። ሼሁ "የሰው መሬት የሰው ነው" ይላሉ። መምጣታችንንም አልሰሙ።

ጓደኛዬ ክንዴን ለቀቀች። ብቻዋን፣ ማንም ሳይመራት፣ በጎመኑ ጥግ ሄደች። የተነቀለው ምሰሶ ጉድጓድ ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ ቤቷ አየች፣ ወደ ልጄ ቤት አየች፣ በመሃል ያለችውን መሬት አየች። የበሬው ኮቴ ገና አልጠፋም።

"ይቺ ናት?" አለችኝ።

"ይቺው ናት" አልኩ።

"ያ ሁሉ ጁምዓ?"

"ያ ሁሉ ጁምዓ።"

አንዴ ወደ ሳሎኑ ጩኸት ጆሮዋን ጣል አደረገችና ራሷን ነቀነቀች። "እኔ ደግሞ በጨለማዬ ሆኜ ስሰማቸው፣ ያባይ ማዶ መስሎኝ" አለች።